አንዲት ቃል ከጠየቅኩሽ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ጆሮ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሹፌሮች ናቸው፤ መኪና ገና ከጋራዡ በር ሳይደርስ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንደቆመ፣ «ሦስተኛዋ ካንዴላ ተኝታለች» ይል ነበርና። ሚስቱ «ቆሻሻውን አውጣ» ስትለው ግን ያ ጆሮ ድሮም አይሠራም። ስለዚህ መስማቱ የምር መድከም ሲጀምር ቤት ውስጥ ማንም አልነቃበትም፤ ያው ዓመሉ ነው ተባለ።

የነቃችበት ልጁ ናት። እሷም መካኒክ ናት፤ መኪናን በኮምፒውተር በሚመረምር ትልቅ ጋራዥ ትሠራለች። ባለፈው ወር ልትጠይቀው መጥታ ከኋላው ጠራችው፤ ደግማ ጠራችው። እሱ የሚሽከረከር የሞተር ማራገቢያ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። የዚያን ቀን «በቃህ፣ ጋራዡን ዝጋ» ብላው ተጣሉ፤ ተጣልተው ሲያበቁ ደግሞ ተዋዋሉ።

«አንድ መኪና» አላት። «የልብስ ሰፊውን አሮጊት መኪና ካርቡራተር ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ገጥሜ፣ በራሴ ጆሮ አስተካክላለሁ። አንቺ ቆመሽ እዪ። ምን ይሰማሻል ብዬ አንዲት ቃል ከጠየቅኩሽ ጋራዡን እዘጋለሁ።»

«እኔም ስለ ሞተሩ ትንፍሽ አልልም» አለችው።

ይኸው ቀኑ ደረሰ። ልብስ ሰፊው ለቀትር እመጣለሁ ብሏል። የሰው ሱሪ ሦስት ሳምንት የሚያሳድር ሰውዬ፣ የራሱ ጉዳይ ሲሆን ደቂቃ ይቆጥራል።

ካርቡራተሩ ብትንትኑ ወጥቶ፣ ቀዳዳው ሁሉ ታጥቦና ተነፍቶ፣ አዲስ መስሎ ተገጥሟል። የቀረው ቤንዚንና አየሩን ማመጣጠን ነው፤ ሞተሩ እየሠራ አንዲት ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ማጥበቅና ማላላት። ለጋሼ ጆሮ ድሮ ሻይ ከማማሰል አይከብድም ነበር።

ሞተሩን አስነሳና የቱታውን እጅጌ ሳይሰበስብ አጎነበሰ። ልጁ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች።

ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ይህን በጆሮው ሳይሆን መኪናዋን በተደገፈበት ክንዱ ነው ያወቀው። ብሎኗን ሩብ ዙር አላላ፤ ለውጥ የለም። ግማሽ ዙር፤ የለም። ሁለት ዙር ሙሉ አላላ። አሁን ሞተሩ ቤንዚን ጠግቦ መታፈን ነበረበት፤ እሱ ግን እንደራበው ነው።

ጋሼ ጆሮ ነገሩ ወዲያው ገባው። ከሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። አየር የሚስብ ሞተር ደግሞ ያፏጫል፤ ቀጭን ፉጨት፣ በጉብዝናው ዘመን ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘው የነበረ። አሁን የሚሰማው የሩቅ ወፍጮ የሚመስል ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ቀና ሲል የልጁ ዓይን ካርቡራተሩ ሥር የሆነ ቦታ ላይ ተተክሏል። እንዳያት ስታውቅ ቶሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እሷ ትሰማለች! ዓይኗን ተከትሎ ቢሄድ ያገኘው ነበር። መስረቅ ግን አልፈለገም፤ ጀርባውን ሰጣት።

ጆሮ እንቢ ካለ ጣት አለ ብሎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። አየሩ የሚገባበት ቦታ ጣትን ሳብ ያደርጋል። የላይኛውን ዳሰሰ፤ የለም። ወደ ጎን ገፋ። ትንሽ ይቀረዋል፣ ትንሽ...

አንገትጌው ተይዞ ወደ ኋላ ተወረወረ። በቂጡ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ሲል ልጁ ተሻግራው ሄዳ ሞተሩን አጠፋች። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ከአንዱ ክንፉ ላይ አንድ ቁራጭ ሰማያዊ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የቀኝ እጅጌውን አየ፤ ጫፉ የለም።

«ጠራሁህ እኮ!» አለች። «አባዬ፣ እጅጌህ እያልኩ ጮህኩ!»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ ዘረጋቸው። ሁሉም አሉ። ከዚያ እየተነሳ፣ ፊቷን ሳያይ፣ «የት ጋ ነው የሚያፏጨው?» አላት።

ያቺ ጥያቄ አመለጠችው። የሠላሳ ዓመት ጋራዡም አብሯት ሄደ።

ልጁ እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ቆየች። «ምን አልክ?»

«የት ጋ ነው...»

«አልሰማሁህም።»

«ሰምተሻል።»

«ከሰማሁ እኮ ጋራዡ ይዘጋል።»

ጋሼ ጆሮ የቱታውን አቧራ አራገፈ።

«እንግዲያው አልሰማሽም» አለ።

«አልሰማሁም። ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ከሌለሁ ሞተር አይነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ተከራክሮ የማያውቅ ይመስል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ካርቡራተሩ ከሞተሩ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ፈቱት። መሃል የገባውን፣ አየር የሚከለክለውን ማሸጊያ እንደ ልማዱ ከጫማ ካርቶን ነበር የቆረጠው። የድሮው ካርቶን ሻካራ ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ይጣበቃል። ይሄኛው ላይ ላዩን ፕላስቲክ የለበሰ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የማይጣበቅ ነው፤ ጥጉ ላይ «38» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ።

«የእናትሽ ጫማ ጉድ ሠራኝ።»

«ካርቶኑን ስትፈልግ ነው የከረመችው። እሱንም አልሰማሁም።»

ከአሮጌ ፋይል ሽፋን አዲስ ቆረጡ። ሞተሩ ሲነሳ እሷ መዳፏን ዘርግታ ቆመች፤ ከፍ ስታደርግ ያላላል፣ ዝቅ ስታደርግ ያጠብቃል። መዳፏ ቆመ፤ እጁም ቆመ። ሞተሩ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ። ውሃው ተርገፈገፈ፣ ከዚያ ረጋ።

ልብስ ሰፊው ከች ያለው ያኔ ነው። ከመኪናው በፊት ያየው እጅጌውን ነው።

«ምን በላው? አምጣው፣ እጠግነዋለሁ።»

«ለመቼ?»

«ለ... በሦስት ሳምንት።»

«ጥገና አያስፈልገውም» አለች ልጁ ከጀርባ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ሁለቱንም እስከ ክርን ቁረጥለት።»

ሞተሩ እየሠራ ነው። ጋሼ ጆሮ ግን ይቺን በመጀመሪያው ሰማትና፣ ሁለቱንም እጁን ለልብስ ሰፊው መቀስ ዘረጋ።