ሁለተኛው እሳት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የማወራችሁ ስለ ንዴቴ ነው፤ ገና አልበረደልኝም።

ዳቦ ቤቴን ለወንድሜ ልጅ ያስረከብኩት ጉልበቴ ሲከዳኝ ነው። በሩ ላይ «ቢስኮቲ» የሚል ሰሌዳ ነበር። የጣሊያን ቃል ነው፤ ሙያውን ያስተማረኝ ጋጋሪ እንደነገረኝ «ቢስ» ድጋሚ፣ «ኮቶ» የበሰለ ማለት ነው። ብስኩት የምንለውም ከዚያው ዘር ነው። ሊጡ እንደ ዳቦ ተጋግሮ ይወጣል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ምድጃው ለዘብ ሲል ተመልሶ ገብቶ እርጥበቱ እስኪያልቅ ይደርቃል። የጥንት መርከበኞች እንዲህ ያለውን ነበር የሚሰንቁት፤ ደረቅ ነገር ቶሎ አይሻግትም።

አንድ ቀን ሱቁን ልጠይቅ ሄጄ ቁጭ ብያለሁ፣ የድሮ ደንበኛዬ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ገባና አንድ ላስቲክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ።

«እማማ፣ መኪናዬ በረሃ መሃል ቆማብኝ ሰነበትኩ። የእናንተን ብስኩት ተማምኜ ሌላ ስንቅ አልያዝኩም። ስፈታው ይኸው።»

«ታዲያ ምን በላህ?»

«ውሃ ጠጣሁ።»

የወንድሜ ልጅ ወደ ሾፌሩ ዞሮ ሳቀ። «ጋሼ፣ ሰው እኮ ለስላሳ ነው የሚወደው። ብስኩት ነው ጡብ የፈለጉት?»

ከመደርደሪያው አንዱን አንስቼ ጨበጥኩት፤ እንደ ስፖንጅ ተጨማደደ። «ሁለተኛውን እሳት የት አደረስከው?»

«አክስቴ ደግሞ! ነዳጅ ማባከን ነው። እንደወጣ በትኩሱ እናሽገዋለን። ስም ብቻ እኮ ነው!»

በትኩሱ! ላስቲክ ውስጥ እንደሚያልበው እንኳ አላሰበም። ደሜ ፈላ።

«ስም ብቻ? ይህ ሰው ስሙን አምኖ ነው በረሃ የገባው! መዋሸት ካማረህ ጎረቤትህን ዋሽ፤ እሱ መንገድ ተሻግሮ ሌላ ይገዛል!»

መሰላል በሩ ላይ አስደግፌ ወደ ሰሌዳው ወጣሁ። ሾፌሩ መሰላሉን ከሥር ይዞልኛል።

«አክስቴ፣ ውረጂ! ሰው እያየ ነው!»

«ይየኝ! ሱቁን ሰጥቼሃለሁ፤ ስሙን ግን በእሳት ነው ያገኘሁት!»

ሰሌዳውን ነቅዬ ቤቴ ይዤው ገባሁ። ለሾፌሩም በገዛ ምድጃዬ ሁለት ጊዜ አብስዬ፣ አቀዝቅዤ፣ ስንቁን ቋጠርኩለት። የወንድሜ ልጅ አኩርፎ ደጄን አልረገጠም። እኔም አልጠራሁትም።

ሰሌዳው አልጋዬ ሥር አለ። አንድ ቀን የወንድሜ ልጅ ሰሌዳውን ሊጠይቅ ይመጣ ይሆናል፤ ያኔ እኔ ባልኖር እናንተ አላችሁ። እንዳትሰድቡት፣ ሥጋዬ ነው። የጋገርከውን ብስኩት አምጣ በሉትና እሱ እያየ ስበሩት። ቀጭ ካለ ሰሌዳውን ስጡት። ከታጠፈ ግን ወደ ምድጃው መልሱት። አደራችሁን፣ ይህችን አትርሱብኝ።