ጾም ያልያዘ ምላስ

ሰኔ አንድ ቀን 1975 ዓ.ም. ጓድ ሥርጉት ከደሴ ወርዳ ወደ ኮረብታችን ወጣች። የእርሻ ባለሙያ ናት፤ ቤቷ ደሴ ውስጥ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። በአንድ እጇ ደብዳቤ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ የመስታወት ዘንግ ይዛለች።

ደብዳቤውን አነበበችልኝ። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የወይን ቦታ ፍሬው ደካማ ስለሆነ ይነቀል፣ ማሽላ ይዘራበት ይላል።

"ደካማ ያለው ማነው?" አልኳት።

"አምና የላካችሁት የወይን ጠጅ ቀጭን ነበር ተብሏል። ተከራክሬ አንድ ነገር አስፈቅጃለሁ፣ ጋሽ እንድሪስ። ሰኔ ሃያ ስድስት እመለሳለሁ። ሁለት በርሜል ጭማቂ አዘጋጁ። ይህ ዘንግ ሃያ ካለ ወይኑ ይቆያል። ከሃያ ካነሰ እኔም የምለው የለኝም።"

ዘንጉን አሳየችኝ። ጎኑ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ጭማቂው ስኳር ከበዛበት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ካነሰበት ይሰምጣል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ወይኑን የተከለው ከወጣትነቴ ጀምሮ የሠራሁለት አንድ ጣሊያን ነው። መሬቱ ሲወረስ ሄደ። ሦስት እርከን ወይን፣ አንድ መጥመቂያ ቤትና ጥቂት በርሜል ትቶ ሄደ። የገበሬ ማኅበሩ ለእኔና ለሸዋረጋ አስረከበን። ሸዋረጋ ክርስቲያን ናት፤ ጠጅ ስትጥል ያደገች። ወይኑ የኔ፣ በርሜሉ የእሷ ብለን ተካፈልን። የመጥመቂያ ቤቱን ደጃፍ አላልፍም። ስለዚህ ጉዳይ ከሼሁ ጋር አንድ ቀን ተነጋግረናል፤ የተነጋገርነው በእሳቸውና በእኔ መካከል ነው።

ጣሊያኑ ሰማያዊ መድኃኒት ይረጭ ነበር። መድኃኒቱ አብሮት ሄደ። እኛ ባለን ነገር ሠራን። ከየረድፉ መካከል ሽንብራ ዘራን። ቆርጠን ስንጨርስ በጎች አስገብተን ቅጠሉን እናስበላለን፤ ፋንድያቸው እዚያው ይቀራል። ዶሮዎች ትሉን ይለቅማሉ። የተጨመቀው ገለፈት ወደ ግንዱ ሥር ይመለሳል። የፈረሰውን ካብ በየክረምቱ መጨረሻ እንጠግናለን። ከኮረብታው የወጣ ነገር ቢኖር ጭማቂው ብቻ ነው።

ሌላ ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ቆርጠን እንጨርሳለን። ዘንድሮ በልጉ ዘግይቶ ፍሬው ወደኋላ ቀረ፤ ረመዳን ያልተቆረጠ ወይን ላይ ገባ። በቀን መቅመስ ቀረ። እኔም ብልሃት አመጣሁ። ወደ ማታ ከየእርከኑ ጥቂት ፍሬ ለቅሜ በሳህን አስቀምጣለሁ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ እኔ፣ ልጄ በሺርና ቆራጮቹ በቴምር ፈንታ በወይን እናፈጥራለን። የበሰለውን የምንለየው በዚያ ነው።

ሰኔ አሥራ ስምንት የታችኛውን እርከን ፍሬ አፌ ውስጥ አደረግሁ። ማር ነው። በሺር ዓይኑን ጨፍኗል። "ማር" አለ እሱም። ዓብዱ የሚባለው ቆራጭ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። ሌላ ምስክር አልፈለግሁም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ገባን፤ እስከ አራት ሰዓት የታችኛውን እርከን ባዶ አደረግነው።

ሸዋረጋ ምሳዋን በልታ ከመጥመቂያው የወረደውን ጭማቂ በጣሳ ቀዳች። ደጃፉ ላይ ቆሜ ፊቷን እጠብቃለሁ። ፊቷ ተጨማደደ።

"አንተ እንድሪስ፣ ይህን ማን ቀመሰው?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"ትናንት፣ ስናፈጥር።"

ጣሳውን አስቀምጣ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ቀኑን ሙሉ ባዶ አፍ ውለህ? በዚያ ሰዓት ኮሶ ቢሰጡህም ማር ነው ትላለህ።"

ጆሮዬ ጋለ። አርባ ዓመት ወይን ይዤ በራሴ ረኃብ ተታለልኩ። ጭማቂው አይደፋም፤ አቼቶ ይሆናል፣ ደሴ ፒያሳ ያለው ሆቴል ለሰላጣ ይወስደዋል። ለዘንጉ ግን አይሆንም። የቀሩን ሁለት እርከኖች ናቸው፤ ልክ ሁለት በርሜል ይወጣቸዋል። ሁለተኛ ስሕተት መሸከም አንችልም።

"በቃ፣ ከነገ አንቺ ቅመሽ" አልኳት።

"ነገ የሰኔ ጾም ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ የኔም ምላስ እንዳንተው ይዋሻል።"

አንድ ሰው ነበረች። ጀሊላ፣ የበሺር ሚስት። የሦስት ወር ልጅ ስለምታጠባ አልጾመችም፤ ቀዳዋን፣ ያለፋትን ጾም፣ በሌላ ወር ታወጣለች። ችግሩ ሌላ ነው። በእኛ ቤት ምራት አማቷ ፊት አትበላም። ያልጾመ ሰውም በጾመኛ ፊት አይበላም። ጀሊላ ያን ሰሞን ምሳዋን የምትበላው ከጎተራው ጀርባ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዳላወቅሁ እሆናለሁ። ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ጀሊላ።"

"አቤት፣ አባ።"

"ቁርስ በልተሻል?"

ቀላች። "ምን አጠፋሁ፣ አባ?"

"አላጠፋሽም። ወይን ብይ ልልሽ ነው። ሥራ ነው።"

"ብይ ሲሉሽ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሳይጸጸቱ ብይ" አለ በሺር ከኋላ።

ወደ መካከለኛው እርከን ወጣን። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ቦርከና ወንዝ አያለሁ። እሷ ወደ ካቡ ዞራ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። የምሰማው ዘሩን ስትተፋ ብቻ ነው።

"እህ?"

"ይቆመጥጣል፣ አባ።"

"ሁሉም?"

"ድንጋዩን የተጠጋው ይሻላል። መንገዱ ዳር ያለው ግን ምላስ ይይዛል።"

ዝም ብሎ የሚበላ ሰው እንዲህ አይለይም። እኔ ይህን ለመለየት አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በየቀኑ ረፋድ ላይ እንወጣ ጀመር። እኔ ወደ ወንዙ፣ እሷ ወደ ካቡ። ሰኔ ሃያ አንድ፣ "ገና ነው።" ሃያ ሁለት፣ ሳልጠይቃት፣ "ዘሩ ቡናማ ሆኗል፣ አባ፤ እየደረሰ ነው።" ሃያ ሦስት፣ "ጣፋጩ ከአፍ አይጠፋም፣ ግን መጨረሻው ይሻክራል።" ቆራጮቹ ሥራ ፈትተው ከታች ይጠብቃሉ። ስትወርድ ዓብዱ፣ "ጓድ ቀማሽ፣ ዛሬስ ምን ወሰናችሁ?" ይላታል። እየሳቀች ታልፋለች። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሰኔ ሃያ አራት ደመናው ከተራራው ወረደ። ከደጋን ከተማ የመጣ ነጋዴ እዚያ በረዶ እንደጣለ ነገረን። የበሰለ ወይን ዝናብ ከጠጣ ይቀጥናል፤ በረዶ ከመታው ደግሞ ለቀማው ከአፈር ነው። በሺር ቅርጫቶቹን አወጣ።

"አባ፣ አሁን እንቁረጥ። ሰማዩን አያዩም?"

"ጀሊላ?" አልኩ፣ ሳልዞር።

ዘር ተፋች። ቆየች። ሌላ ዘር ተፋች።

"ነገ" አለች።

"ነገ በረዶ ቢመጣስ?" አላት በሺር። "አንቺ ነሽ የምትመልሽው?"

"ዛሬ ከቆረጣችሁ ዘንጉ ይሰምጣል። በረዶውን አላውቅም፤ ፍሬውን ግን አውቀዋለሁ።"

ይህን ያለችው ድምፅዋን ሳትቀንስ ነው። እኔ ባለሁበት እንዲህ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። በሺር ወደ እኔ አየ። ደመናውን አየሁ፣ ወይኑን አየሁ።

"ቅርጫቱን መልስ" አልኩት።

ያን ቀን ማታ ነጎደ እንጂ አልዘነበም። በማግስቱ ጎሕ እንደቀደደ ጀሊላን ይዤ ወጣሁ። ጀርባዬን ሰጠሁ። አንድ ዘር ተፋች። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አላቆመችም። ብጠብቅ ብጠብቅ አትናገርም። ዞርኩ። ዘለላውን ጨርሳ ባዶውን አጥንት ይዛለች። እንዳየኋት እንኳ ልብ አላለችም።

"ዛሬ ነው፣ አባ።"

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ከላይ ሆኜ ወደ ታች ተጣራሁ። ቆራጮቹ ወጡ፤ ያልጠራኋቸው ጎረቤቶች ማጭድ፣ ቢላዋ፣ ቁና ይዘው ወጡ። አንዱ አህያ ይነዳል። ባዶ አፍ ነን፣ ውሃም የለም፤ ግን አንድም ሰው አልተቀመጠም። ላቡ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ዓብዱ ዜማ አወጣ፤ እኛ ተቀበልን። ሸዋረጋ ከታች፣ "ምነው ዘገያችሁ፣ እግሬ ደረቀ" እያለች ትሳደባለች፤ ከሦስት ሴቶች ጋር ገና ከጠዋቱ ወይኑን በእግሯ እየረገጠች ጭማቂው ውስጥ ናት። በስድስት ሰዓት መካከለኛው እርከን አለቀ። ደመናው ተራራውን ሸፈነው። ወደ ላይኛው ገባን። ጀሊላ ልጇን አዝላ በየረድፉ እየቀደመች፣ "ይህን ቁረጡ፣ ይህን ተዉት" ትላለች። ትልልቅ ሰዎች ይታዘዟታል።

የመጨረሻው ቅርጫት ደጃፉ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠብታ አንገቴን መታው። ከዚያ ወረደ። ማንም ለመጠለል አልሮጠም።

ሰኔ ሃያ ስድስት ጓድ ሥርጉት ጭቃ ለብሳ መጣች። ሸዋረጋ ከሁለቱ በርሜሎች አንድ ረጅም ብርጭቆ ሞልታ ወደ ደጃፉ አወጣች፣ እኔም እንዳይ። ሥርጉት ዘንጉን ለቀቀችው። ወረደ። ተወዛወዘ፤ ወደ ላይ ተመለሰ። ቆመ።

ጎንበስ ብላ አየች። ዘንጉን አውጥታ ጠረገችና ደግማ ከተተችው።

"ሃያ ሁለት" አለች።

ሸዋረጋ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩና ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሥርጉት ደብዳቤው ጀርባ ላይ "አይነቀል" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

"ጋሽ እንድሪስ፣ መለኪያ ሳይኖራችሁ ቀኑን እንዴት አወቃችሁ?"

ጀሊላን አሳየኋት። ሥርጉት ወደ እሷ ሄዳ ትጠይቃት ጀመር፤ የትኛው ረድፍ ቀደመ፣ የትኛው ዘገየ። ጀሊላ አንገቷን ሳትደፋ መለሰች። ሥርጉት ጻፈች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጀሊላ ሳልጠራት ወጣች። ዝናቡ ቆሟል፤ በጎቹ ቅጠሉ ውስጥ ናቸው። መንገዱ ዳር ካለው ረድፍ ቆማ ግንዶቹን አንድ በአንድ አየች።

"ይህን ማን ገረዘው?" አለች።

"እኔ።"

"ብዙ ቅርንጫፍ ትተውበታል፣ አባ። ፍሬው ፀሐይ አላገኘም። የሻከረው ከዚህ የመጣው ነው።"

በሺር ሳቁን ለመደበቅ ወደ በጎቹ ዞረ። ግንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው።

"በጥር አብረን እንገርዛለን" አልኳት። "አንቺ ታሳዪኛለሽ፣ እኔ እቆርጣለሁ።"

"እኔም እቆርጣለሁ" አለች፣ ወደሚቀጥለው ግንድ እየሄደች።