ሮቢት ስትደርስ የምትድን መኪና

መኪናዋ ሸዋ ሮቢት ላይ ምንም አይላትም፤ መካኒኩን አብዱረሂምን ያበገነውም ይኸው ነው። ካንዴላዋን አውጥቶ ጠረገ። የሽቦዎቿን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ነቅሎ ሰካ። የዚህችን ቤንዚን የሚመጥነው ካርቡራተር አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ ሥር የተወሸቀ ኮምፒዩተር ነው፤ ያ ሣጥን ምን እንደሚያስብ ደግሞ በአካባቢው የሚያውቅ የለም። ከሞተሩ ጎን ባለች መሰኪያ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙ የማስጠንቀቂያ መብራቷ ሕመሟን ትናገራለች ሲባል ሰምቷል። አገናኘ። መብራቷ በእኩል ምት ብልጭ ድርግም አለች፤ ደኅና ነኝ ማለቷ ነው።

እሷ ደኅና ከሆነች ሾፌሯ ዘነበ ሌባ ነው። ደብረ ብርሃን ደርሳ ስትመለስ የምትጨርሰው ቤንዚን ካለፈው ወር ወዲህ እጥፍ ሆኗል። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቤንዚኑን ሸጠሃል ብለው ዘነበን ቀበሌ አስረውታል። “አቀበቱ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትጠጣዋለች” ቢላቸው ማን ሰምቶት! አብዱረሂም ግን አብሮ አደጉን ያውቀዋል፤ ዘነበ የሰው ነገር አይነካም።

የመኪናዋ ባለቤት የሆነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጓድ ተሰማ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

“እና፣ ምን አገኘህ?”

“እዚህ አትታመምም፣ ጓድ። አቀበቱን ልንዳትና ልያት።”

“አብሬህ እወጣለሁ” አለ ተሰማ።

ወደ ደብረ ሲና ሲወጡ ሙቀቱ እያነሰ፣ ብርዱ በመስኮት እየገባ መጣ። ሞተሩ መነጫነጭ ጀመረ፤ ጥቁሩም ጭስ ከኋላ ተከተላቸው። አብዱረሂም የሙቀት ጌጁን ሲያይ ክው አለ። አቀበት ላይ ሽቅብ ማለት የነበረበት መርፌ ታች ወርዶ ተኝቷል።

ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዶ የሚያቆይ ትንሽ ክዳን ነው። በዚህ ሐሩር ምን ይሠራል ብለው፣ የሮቢት መካኒኮች ከእጃቸው ከገባ መኪና ሁሉ አውጥተው ይጥሉታል። ለእነሱ ይህ ውለታ መዋል ነው፤ ራዲያተሩ አይፈላም፣ ሾፌሩም ይመርቃቸዋል። አብዱረሂምም የዚህችን ባለፈው ወር አውጥቶላታል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ለዘነበም አልነገረውም። ቆላው ለራሱ ስለሚያሞቃት እዚህ አይታወቅም። ደጋ ስትወጣ ግን ውሃዋ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩ ገና አሁን የተነሣ እየመሰለው ቤንዚን ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። በዚያ ዘመን የመንግሥት መኪና ያበላሸ መካኒክ ተሳሳተ አይባልም፤ አሻጥር ሠራ ነው የሚባለው፤ በአሻጥር የተያዘ ደግሞ በዋዛ ቤቱ አይመለስም። ሹልክ አድርጎ ሌላ ቢገጥምላት ማን ያያል? ዘነበ ታስሮ እንዴት ይሆናል! መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆማት።

“ጓድ ተሰማ፣ የተሸጠ ቤንዚን የለም። ያበላሸኋት እኔ ነኝ” አለና አንድም ሳያስቀር ነገረው።

ተሰማ አልተቆጣም። እንዲያውም የደከመው መሰለ።

“እርግጠኛ ነህ?”

“ወላሂ! ሌላ ቢገባላት ዛሬውኑ ይተዋታል።”

“ዘነበ እኮ ትናንት አምኗል። ሸጫለሁ ብሏል። ለማን እንደ ሸጠም ተናግሯል።”

“ለማን?”

ተሰማ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። “ላንተ” አለ። “እስካሁን ያልያዝንህ መኪናዋን እስክትሠራልን ነው።”

አብዱረሂም ንዴቱን ጠበቀው፤ አልመጣም። ዘነበ የእሱን ስም እስኪጠራ ድረስ ምን ቢያደርጉት ነው? ሞተሩን አስነሥቶ መኪናዋን ወደመጡበት አዞራት።

“ወዴት ነው?” አለ ተሰማ።

“ቀበሌ። እናንተ የምታደርጉኝን ታደርጋላችሁ” አለ አብዱረሂም፤ “መጀመሪያ ግን ዘነበን ላግኘው። አልሸጥክልኝም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ልንገረው።”