የቡሄ ጅራፍና የፈንታሁን መኪና

ደብረ ታቦር ውስጥ ነጂብ መካኒኩ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይለያል ይባልለታል። እሱም ሲሞገስ ደስ ይለዋል፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው። ያን ዕለት ጉድ የሠራው ግን ይኸው የተመካበት ጆሮው ነው።

ከጓደኛው ከፈንታሁን አሮጌ የቤት መኪና ላይ፣ ከሞተሩ ጭሱን ተቀብሎ ወደ ማርሚታ የሚሰደው ወፍራም ብረት ከተሰነጠቀ ሰንብቷል። የፋብሪካው ዓይነት ሲጠፋ ፈንታሁን በቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ ሌላ ከአዲስ አበባ አስመጣ። "ይኼ እኮ ጉልበት ይጨምራል!" እያለ ሲያገላብጠው ነጂብ ሳቀበት። ሥራው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአዲሱ ቱቦ ማሰሪያ ስስ ስለሆነ የድሮዎቹ ቡሎኖች ይረዝሙበታል። ሮንዴላ የሚባሉት የብረት ቀለበቶች ካልገቡላቸው፣ ቡሎኑ ጫፉ የቀዳዳውን መጨረሻ ሲነካ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቱቦውን አይይዘውም። ነጂብ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሮንዴላዎቹንም መርጦ በጣሳ አስቀምጧል።

ከዚያ ፈንታሁን ያጣድፈው ጀመር። ሚስቱ ማስተዋል ወንድ ልጅ ተገላግላ ከሆስፒታል መውጣቷ ነው፤ እናቱ እማማ እቴነሽ ደግሞ አራሷን ከነልጇ ይዘው፣ ዛሬውኑ ገሳይ ቤቴ ካላስገባሁ ብለው ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል። ነጂብ በጥድፊያ ቡሎኖቹን አጠባበቀና ሞተሩን አስነሣ። ጧ! ጧ! የሚል ነገር ሰማ። ጎንበስ አለ። ከአጥሩ ውጭ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ያጮሃሉ።

"ዘንድሮስ እነዚህ ልጆች ሊያደነቁሩን ነው" አለና ኮፈኑን ዘጋው።

እማማ እቴነሽ አራሷንና ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው ኋላ አስገቡ። መስኮቶቹን ዘግተው ክፍተቱን በነጠላ ወታተፉት። አንዱ ጥግ ቢቀራቸው፣ "ነጂብ የኔ ልጅ፣ ጨርቅ የለህም? አራስ ንፋስ ከመታት አለቀላት" አሉ። ንጹሕ ጨርቅ አምጥቶ የሰጣቸው እሱ ራሱ ነው።

መኪናዋ እንደወጣች ዝናብ ጣለ፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ሮጡ። ነጂብ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል ጣሳውን አየ። ሮንዴላዎቹ እንዳሉ አሉ።

"ያ አላህ!"

ጧ ያለው ጅራፍ አልነበረም፤ ካልጠበቀው ቱቦ የሚያመልጥ ጭስ ነው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል የማያውቅ የለም፤ ይኼኛው ደግሞ ከሞተሩ በአሮጌዋ መኪና ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። መስኮት እንዳይከፍቱ አራስ ይዘዋል። ደወለ። የፈንታሁን ስልክ እዚያው ጋራዡ ውስጥ፣ ቻርጅ ላይ ጮኸ።

ሮንዴላዎቹንና መፍቻውን ኪሱ ከትቶ፣ የጎረቤቱን የጌጡን ሞተር ሳይክል ሳያስፈቅድ አስነሥቶ በረረ። ዝናቡ ዓይኑን ይገርፈዋል፣ በጉና አቀበት ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። በየመታጠፊያው ገደሉን ቁልቁል ያያል፤ ማየቱን ይፈራል፣ አለማየቱን ደግሞ የበለጠ ይፈራል። "ልጁን እንኳ" እያለ ይለምናል፣ "ልጁን እንኳ።"

ከጭጋጉ ውስጥ ቀይ መብራት ብቅ አለ። መኪናዋ አፍንጫዋን ቦይ ውስጥ ቀርቅራ ቆማለች፤ ሞተሩ ይሠራል። ፈንታሁን መሪው ላይ ተደፍቷል። ነጂብ በሩን ቢስብ ተቆልፏል። መስኮቱን ደበደበ። እማማ እቴነሽ ራሳቸውን በጭንቅ ቀና አድርገው እጃቸውን አወናጨፉ።

"አይከፈትም! አራስ ናት!"

በመፍቻ መስታወቱን አደቀቀው። ሞተሩን አጠፋ፣ በሮቹን በረጋገደ፣ ሁሉንም እየጎተተ ከነጋቢያቸው ሣሩ ላይ አወጣቸው። ፈንታሁን አስመለሰው። ማስተዋል ስሟን ሲጠራት አቃሰተች። ሕፃኑ ግን ዝም አለ። ነጂብ በዘይት በጠቆረ እጁ ጋቢውን ሲገልጥ እማማ እቴነሽ ጀርባውን በቡጢ ይመቱታል፤ "ንፋስ! ንፋስ አታስመታብኝ!"

"ንፋሱ ነው የሚያድነው፣ እማማ!"

የጉና ንፋስ የሕፃኑን ፊት መታው። አንዴ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ጮኸ። ነጂብ እንዲህ የሚያስለቅስ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

እማማ እቴነሽ ያን ዘይታም እጅ ይስሙ ጀመር። "አንተን የላከ እግዜር ይመስገን! ልጄ ነህ፣ ከእንግዲህ ልጄ ነህ!"

ነጂብ እጁን ሊነጥቅ ሞከረ፤ አልለቀቁትም። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። ምርቃቱ ግን አንገበገበው።

"እማማ፣ አይሳሙኝ። ጭሱን የለቀቅሁባችሁ እኔ ነኝ። ድምፁን ሰምቼው ጅራፍ ነው ብዬ ዘጋሁት።" ሮንዴላዎቹን ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

እጁን ለቀቁት። ሮንዴላዎቹን አዩ፣ እሱንም አዩት፤ ፈንታሁንም ሣሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

"በል ሥራው" አሉ እማማ እቴነሽ። "ሠርተህ ስትጨርስ ከእኛ ጋር ገብተህ እስከ ገሳይ ትሸኘናለህ። ከልጁ አጠገብ ነው የምትቀመጠው።"

ከዚያም ተነሥተው ከየመስኮቱ ክፍተት ነጠላቸውን ነቀሉ። እሱ የሰጣቸውን ጨርቅ ለብቻው አወጡና መልሰው እጁ ላይ አኖሩለት።