ዓሣው በላ?

ባልየው ከቤት የወጣ ዕለት ቴሌቪዥኑን፣ ደህና ደህናዎቹን ወንበሮችና የልብስ ሻንጣውን ጭኖ ሄደ። ሁለት ነገር ግን ትቶ ነበር፤ እናቱንና ዓሣውን። እናቱን የተዋቸው አዲሲቱ ሴት የምትኖረው ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ጉልበታቸውም ደረጃ ስለማይችል ነው ተባለ። ዓሣውን የተወው ደግሞ የአዲሱ ቤት ሳሎን ቀለም እየተቀባ ስለነበር ሽታው እንዳይጎዳው አስቦ ነው። ለዓሣው ተመልሶ እንደሚመጣ ደጋግሞ ተናግሯል። ለእናቱ ስለ መመለስ ግን ማንም ምንም አላነሳም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ በመስኮቱ በኩል፣ ከዓሣው የመስታወት ገንዳ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው ያንን ብርቱካንማ ሆዳም ነው። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ የተናገራት ነገር እንደ ተሰበረ መርፌ ውስጧ ቀርቷል። «በአንቺ እጅ ደግሞ ምን ይጸድቃል?» ነበር ያላት። «አበባው ደረቀ፣ ድመቷ ጠፋች። ይሄም ዓሣ ወር ከቆየ ተአምር ነው።» ሌላም ሊጨምር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እናቱ እያዩት ስለነበር መልሶ ዘጋው። ያልተናገረውን ግን እሷ ሰምታዋለች። ልጅ አልወለዱም።

እንግዲህ ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ወዳጅ ሆነች ብላችሁ እንዳታስቡ። ዓይኑን ማየት አትፈልግም ነበር። ስሙን እንኳ «ጌታው» ብላ ያወጣችለት ሳይሠራ ስለሚበላ፣ ሲያዩትም ስለሚኮራ ነው፤ በዚህ በዚህ ከባለቤቱ አይለይም። ቢሆንም እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። ውሃውን ትቀይርለታለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች፣ ጠዋት ጠዋት ምግቡን በጣቷ ቆንጥራ ትበትንለታለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ ማስታመም ግን ይቻላል፤ እንዲያውም ያተጋል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ሬሳ ሊያነሳ መጥቶ ዓሣው ወፍሮ ሲዋኝ ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚሆን ማየት። ያንን ፊት ስታስብ እግሯ መርገጫው ላይ ይፈጥናል፤ አንዳንዴም የሰው ሱሪ አላግባብ ሰፍታ ትፈታለች።

ባልየው አልፎ አልፎ ይደውላል። እጇ ጨርቅ ላይ ስለሆነ የስልኩን ድምፅ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ስለዚህ የሚለው ሁሉ ቤቱን ይሞላዋል። እንዴት ዋላችሁ የለ፣ ደህና ናችሁ የለ። «ዓሣው በላ?» ይላል። «በላ» ትላለች፤ ትዘጋበታለች። አማቷ ከገንዳው አጠገብ ባለችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አማትና ምራት እንደ ድመትና አይጥ ናቸው የሚለው ወሬ እነዚህ ቤት አይሠራም፤ ባይዋደዱም ተከባብረው ይኖራሉ። ምሳና ራት ላይ ሳህኑን አቅርባላቸው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ባዶውን ሳህን ታነሳለች፣ በቃ።

አንድ ጠዋት ጌታው የተበተነለትን አልበላ አለ። አንዷን ፍርፋሪ አፉ ውስጥ ከተተና መልሶ ተፋት። በማግስቱ ጭራሽ ዞር ብሎም አላየም። ሆዱ ተነፍቶ፣ በጎኑ ጋደም ብሎ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ሰፊዋ ክው አለች። ይሄ ከንቱ ፍጥረት ባለቤቱን ሟርተኛ ሊያደርገው ነው። ውሃውን ግማሽ ድረስ ቀድታ፣ በባልዲ አሳድራ ባዘጋጀችው ተካችው፤ የፓምፑን ማጣሪያ አጠበች፤ ትንሽ ጨው በጠበጠችለት። «እንዳትሞትብኝ» አለችው መስታወቱ ላይ ተደፍታ። «እሱ መጥቶ ካየህ በኋላ እንደ ፍጥርጥርህ።»

ምንም ለውጥ ስታጣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጀምራ ትታ ወደ ዓሣ ሻጩ ሄደች። ዓሣ ሻጩ ጨለም ባለ ሱቁ ውስጥ በገንዳዎቹ መሃል ሳንድዊች እየበላ አዳመጣት። በቀን ምን ያህል ትሰጪዋለሽ አላት፤ በሁለት ጣት ቆንጥሬ አለችው። ሳቀባት። የሆዱን አነፋፍ ስትነግረው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ዓሣ በረሃብ አይሞትም፤ የሚሞተው በጥጋብ ነው» አላት። «ከአንቺ ሌላ የሚያበላው አለ።» እሷም ቤቷ ውስጥ ከአማቷ በቀር ሰው እንደሌለ፣ እሳቸውም ዓሣውን እንደ ጠላት እንደሚያዩት አስረዳችው። ሰውየው ሌላ አልተከራከረም። ለጥቂት ቀን ምንም እንዳታቀምሰው፣ ውሃውን ለብ እንድታደርግለት፣ ከዚያ አረንጓዴ አተር ቀቅላ፣ ልጣጩን ገፍፋ፣ በጥፍሯ ቆርጣ እንድትሰጠው ነገራት። ሆዱን ይከፍትለታል አላት።

ቤቷ ገብታ የገንዳውን አፍ በልብስ መቁረጫ ጣውላዋ ከደነችው፤ ላዩ ላይ ካውያዋን ጫነችበት። ከየትም የሚገባ ነገር እንዳይኖር ነው እንጂ ማንንም ጠርጥራ አልነበረም። አማቷ ካውያውን አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

የዚያን ቀን የምሳ ሳህን ስታነሳ ዳቦው እንዳለ ነው። የራቱም እንዳለ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። «አሞዎታል እንዴ?» አለቻቸው፤ ምንም አልሆንኩም አሏት። ጌታው ጾሙን ሲያድር አሮጊቷም አብረውት የሚጾሙ ይመስል ነበር። ነገሩ የገባት የገንዳውን ወለል በላስቲክ ቱቦ እየመጠጠች ስታጸዳ ነው። ጠጠሮቹን ስታንቀሳቅስ ከስራቸው ነጭ ሊጥ ቦለል ብሎ ወጣ። ዳቦ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ፍርፋሪ አይደለም፤ ስንትና ስንት ራት ነው።

ደሟ ፈላ። የመጣላት ሐሳብ አንድ ነበር፤ ለካስ እሷ ሌት ተቀን ስትደክም እኚህ ሴት የልጃቸውን ሟርት እያደረሱለት ኖሯል። የወለዱት አይካድ! ቱቦውን ባልዲው ውስጥ ጥላ፣ እጇ እየተንጠባጠበ ፊታቸው ቆመች።

«እማማ፣ ዳቦውን እርስዎ ነዎት የሚጨምሩለት?»

«እኔ ነኝ።» አላፈሩም።

«እንዲሞት ብለው?»

«እንዲሞት ብዬ።»

«ልጅዎ ደስ እንዲለው፣ አይደል?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ደስ እንዲለው?» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሲደውል አትሰሚም እንዴ? ዓሣው በላ ይላል። እናቴ በላች ወይ ብሎ ያውቃል? እስቲ አንድ ቀን! ከዚህ ቤት የሚጠይቅለት ይሄ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ስለ ማን ይጠይቃል? ያን ጊዜ የምቀረው እኔ ነኛ።»

የሰፊዋ ዓይን ከፊታቸው ወርዶ ቀሚሳቸው ላይ ዐረፈ። ይሄን ቀሚስ ታውቀዋለች። ባልየው ከሄደ ወዲህ ሰፋኝ ብለዋት አጥብባዋለች፤ ቆይተው አሁንም ሰፋኝ ብለው ሲመልሱት እንደገና አጥብባዋለች። በገዛ ሜትሯ ወገባቸውን ለክታ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጋ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሰጥታቸዋለች። የዓሣውን ሆድ በየቀኑ ስትመረምር የእሳቸው ወገብ የት እንደ ገባ አንድ ቀን አልጠየቀችም። ቂሙ የእሷ ብቻ መስሏት ነበር፤ አብሯት አንድ ሳሎን ውስጥ ሌላ ቂም በራት ዳቦው ሲቀለብ አላየችም።

አተሩን ቀቀለችና ሳህኑን መሃል አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሷ መላጥ ስትጀምር አማቷም አንዷን አነሱ። «ይሄም የማይረባ እንደ ሕፃን ሊላጥለት!» እያሉ ላጡ። ጌታው የመጀመሪያዋን ቁራጭ አሸትቶ ተዋት። ውሎ አድሮ ግን አንዷን ዋጠ፤ ሆዱ መጉደል፣ ጎኑም መቃናት ጀመረ። አሮጊቷ ላጡለት እንጂ አንዲትም አልቀመሱ። ሰፊዋ ዳቦውን በእጇ እየቆረሰች ስትለማመጣቸው አንድ ጉርሻ ለይሉኝታ ይወስዱና ይተዋሉ።

ስልኩ የጮኸው ጌታው መስታወቱ ላይ አፉን ለጥፎ አተር በሚጠብቅበት ሰዓት ነው።

«ዓሣው በላ?»

ይሄን መልስ ስንት ጊዜ አመላልሳዋለች! በላ፤ ወፈረ፤ በእኔ እጅ ጸደቀ፤ አፍንጫህን ላስ። አፏን ከፍታ ሳለ ግን አማቷን አየች። አንዷን አተር በሁለት ጣታቸው እንደያዙ መላጣቸውን አቁመዋል።

«ሞተ» አለች።

ቃሉ መረራት። ወር አይቆይም ላለው ሰው ልክ ነህ ማለቷ ነበርና። ስልኩ ዝም አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ያንን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ሰው እንዲሆን በልቧ ለመነችው፤ በል እንግዲህ፣ አሁን ጠይቅ፣ አንዲት ቃል።

«አላልኩሽም?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። «በይ ገንዳውንና ፓምፑን ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ። እንዳትሰብሪው።» ዘጋው።

አማቷ ጣታቸው ላይ የቀረችውን አተር አፋቸው ውስጥ ጨመሩና አላመጡ።

«ከዚህ ሌላ የተቀቀለ አለ?» አሉ።

«አለ፣ እማማ።»

«አምጪው። ዳቦም አምጪ።»

ሳህኑን ባዶ አደረጉት። የራበው ሰው አበላል አልነበረም፤ ሥራ እንዳለበትና ጉልበት እንደሚያስፈልገው ሰው ነው የበሉት። በማግስቱም እንደዚያው በሉ። የሚበሉት በንዴት እንደሆነ ሰፊዋ አውቃለች፤ ንዴትም ቢሆን ሆድ ከገባ ምግብ ነው ብላ ደጋግማ አቀረበች።

ቅዳሜ ባልየው ትልቅ ካርቶንና ገመድ ይዞ መጣ። ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ገንዳው አመራ። እዚያው ቀረ። ጌታው ብርቱካንማ ጭራውን እያወናጨፈ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። የሰውየው አፍ እንደ ዓሣው ተከፈተ። ያ ፊት መጣ፤ ሰፊዋ ስትመኘው እንደኖረችው ሆኖ መጣ። የልቧ ደረሰ። የምትለውንም አዘጋጅታ ነበር።

«ሞተ አላልሽኝም እንዴ?» አለ።

የቀደሙት እናቱ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውት ዳቦ በወጥ እያጠቀሱ ነበር።

«ሞትስ አለ» አሉ ሳይዞሩ። «ከእኛ ቤት የሞተው ግን ዓሣው አይደለም።»

ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ። «እማዬ» አለ። ከሄደ ወዲህ ያቺ ቃል ከአፉ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። እሳቸው ጉርሻቸውን አላመጡ፣ ዋጡ፣ ሌላ ቆረሱ።

«አተሩን አቀብይኝ፣ ልጄ» አሉ።

ሰፊዋ ሳህኑን አቀበለቻቸውና መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ሆዷ ውስጥ ቀረ፤ አልጸጸታትም። የአማቷን ሌላኛውን ቀሚስ ከክምሩ ስባ አወጣች፤ ይሄኛውንም አጥብባው ነበር። መቀሷን አንስታ የጎኑን ስፌት ከብብቱ ጀምራ ትፈታ ጀመር። ባልየው አሁንም ቆሟል።

«ስትወጣ በሩን ዝጋው» አለችው፤ ቀና ብላ አላየችውም።