ሙጫ ያልነካው ዳኮታ

አቶ ወልደየስ ሲሞቱ ሁለቱ ልጆቻቸው ለሁለት ተካፈሏቸው። እልፍነሽ ፊታቸውን ወሰደች። ጥላዬ ጀርባቸውን ወሰደ።

ይህን የነገረችኝ እልፍነሽ ራሷ ናት፤ ፒያሳ፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ወዳለችው ክፍሌ መጥታ አንድ የጫማ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጠች በኋላ። ሥራዬ የሞዴል አውሮፕላን ዋጋ መገመት ነው፤ ያልተገጣጠሙ፣ በሳጥናቸው ያሉ፣ ትልልቆቹን ብቻ። ትንንሾቹን አልነካም። ትንሽ ሞዴል ላይ ስህተት ይደበቃል። የክንፉ ጠርዝ ቢወፍር፣ መስኮቱ ቢንሻፈፍ፣ ዓይን አይቶ ያልፈዋል። ትልቅ ሞዴል ይቅር አይልም።

እልፍነሽ ካርቶኑን ከፈተች። ጥጥ ላይ ጣት የሚያክል የተቀመጠ ሰው የፊት ግማሽ ተኝቷል። ግንባር፣ ደረት፣ ጉልበት አለው። ከጆሮው በኋላ ያለው የለም።

«እንደምን ዋሉ» አሉ አቶ ወልደየስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ተነስቼ በጨበጥኩዎት ነበር። እጅ የለኝም።»

«ግድ የለም» አልኩ።

*

አቶ ወልደየስ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ወደ ምዕራብ በሚበርረው ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታ አውሮፕላን ውስጥ፣ ከአብራሪዎቹ ኋላ፣ ማዳመጫ አድርገው ይቀመጡ ነበር። ጎሬ፣ ደምቢዶሎ፣ ጋምቤላ። የዚያን ጊዜ ማረፊያው የሣር ሜዳ ነው። ሣር ባለበት ደግሞ ከብት አለ። ስለዚህ ሳይነሱ በፊት በሬዲዮ የሚጠይቁት ስለ ደመና ብቻ አልነበረም፤ «ከብቶቹ ተነስተዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ተነስተዋል እስኪባሉ ይጠብቃሉ።

ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው የዳኮታ ሞዴል ሰጧቸው። መጠኑ አንድ ለሃያ አራት ነው፤ ሲገጣጠም ክንፉ ከአልጋ ወርድ ይተርፋል። ሳጥኑን ቁምሳጥን ላይ ሰቀሉት። «ጊዜ ሲኖረኝ እገጥመዋለሁ» ይሉ ነበር። ሳይከፍቱት ሞቱ። የአርባቸው ዕለት ሳጥኑ ሲከፈት ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር እሳቸውም ውስጥ ነበሩ፤ ግራጫ፣ ቀለም ያልነካቸው፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ። በትልልቅ ሞዴሎች እንደተለመደው ሰውየው በሁለት ግማሽ ነው የተሠራው፤ ፊትና ኋላ፣ እጆቹ ለብቻ። የሁለቱ አብራሪዎች ወንበር ባዶ ነበር። ሁለቱም በሕይወት አሉ።

ለማካፈል የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ደንቡም የታወቀ ነው፤ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። ጥላዬ ከፈለ። ግራ ክንፍ ከግራ ሞተር ጋር ወዲህ፣ ቀኝ ክንፍ ከቀኝ ሞተር ጋር ወዲያ። የአውሮፕላኑ ቀፎ ግራ ጎን ወዲህ፣ ቀኝ ጎን ወዲያ። ጎማ አንድ አንድ። የጅራቱ ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነና ስላልተከፈለ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። አባታቸው ጋ ሲደርስ ጥላዬ ፊታቸውን ለብቻ አደረገ፤ እንዲመዛዘን ብሎ ሁለቱን እጆች ከጀርባቸው ጋር አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ አዩና ትክክል ነው አሉ።

እልፍነሽ መረጠች።

«ፊት እያለ ጀርባ የሚመርጥ ማን አለ?» አለችኝ።

ከዚያ ዕለት ወዲህ እህትና ወንድም አልተነጋገሩም።

*

አጉሊ መነጽሬን አንስቼ አየሁ። የቅርጹ አወጣጥ ንጹሕ ነው። የሽፋሽፍቱ ጥላ ሳይቀር አለ፤ የሸሚዙ ቁልፎች ቀዳዳቸው ይታያል። ነገር ግን ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል፤ ከመንጋጋው ሥር ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሯል።

«የት ነው የሚያስቀምጧቸው?»

«መስኮት ላይ። መንገድ ማየት ይወዳል።»

«ፀሐይ አድርቃቸዋለች።»

«ድምፁ እየቀነሰ የመጣው ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው። ይህ በጋ ሳያልቅ ስንጥቁ አፋቸው ጋ ይደርሳል።»

እልፍነሽ ቦርሳዋን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ማታ ማታ እናወራለን» አለች። «እራት ስበላ። ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ እጄን አምጪልኝ ይለኛል። ጎሬ እየጠበቀኝ ነው ይላል። እጁን ካገኘ ይሄዳል፤ አውቀዋለሁ።»

«እሄዳለሁ» አሉ አቶ ወልደየስ ከጥጡ ላይ። «ሥራ ነው።»

«ምን ይሻላል?» አለችኝ።

«ብቻቸውን ቅርፊት ናቸው፤ መሰንጠቃቸው አይቀርም። ከኋላው ግማሽ ጋር ቢጣበቁ ይይዛቸዋል።»

«ዋጋውስ?»

«በግማሹ ምንም። ሙሉው ሳጥን ቢገኝ ትልቅ ዋጋ አለው። ከተጣበቀ በኋላ ደግሞ ምንም። በእኛ ሥራ ሙጫ የነካው ነገር አይገመትም።»

«ታዲያ ዋጋ የሚኖረው መቼ ነው?»

«ሁሉም ነገር ኖሮ ምንም ሳይደረግበት ሲቀር።»

አቶ ወልደየስ ሳቁ። ስንጥቁ በጥቂቱ ሲረዝም አየሁት። «እኔስ ቁምሳጥን ላይ የሰቀልኩት ለምን ይመስላችኋል?» አሉ።

*

ጥላዬን ስልክ ደውዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። የሰበታ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። እልፍነሽ የቀረ ድርሻዋን አምጥታ ተቀምጣለች፤ እሱም ድርሻውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ መጣ፤ ጀርባውን ግን ለብቻ በሹራብ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል።

«ወፍረሻል እትዬ» አለ ገና ከበሩ።

«አንተ ደግሞ ፀጉርህን ለማን አካፈልከው?»

«ሽማግሌ ሳይጠራ ነው የሄደው።»

ሹራቡን ፈታ። ጀርባው ከሳጥኑ እንደ ወጣ ነበር፤ ግራጫ፣ ያልደበዘዘ፣ የሸሚዙ ጭምድድ ሁሉ ጥርት ያለ። ትከሻው በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሽ ነው።

«ይናገራል?» አልኩ።

«በምኑ? ኮመዲኖ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አወጣና ጠረጴዛ ላይ አቆመዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሲሄድ አየዋለሁ።»

«ይሄዳል?»

«አይሄድም። ግን ጀርባውን ስታየው የሚሄድ ነው የሚመስልህ።»

እልፍነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። በልጅነታቸውም እንዲሁ ነበር አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ አልለየሁም። ጥላዬ ማለዳ የሚነቃ ልጅ ነበር። አባቱ ቦርሳውን ይዞ ከግቢ ሲወጣ በመጋረጃው ቀዳዳ ያያል፤ ማታ ሲመለስ እሱ ተኝቷል። እሷ ደግሞ አምሽታ በሩን የምትከፍተው ነች፤ ጠዋት ስትነሳ አባቷ ደመና ላይ ነው።

«ማለት ሽማግሌዎቹ አዲስ ነገር አላደረጉም» አለ ጥላዬ።

*

በሥራችን አንድ ልማድ አለ። ማንኛውም ሁለት ግማሽ ሙጫ ሳይነካው በደረቁ ይገጠማል። ክፍተቱ የሚታየው ያኔ ነው። የሚፈታ ነገር ስለሆነ ማንም አይፈራውም። ሁለቱም ፈቀዱ። ፊቱን በግራ፣ ጀርባውን በቀኝ እጄ ይዤ አገናኘኋቸው፤ እጆቹን በትከሻቸው ጉድጓድ ከተትኩ፤ ወገባቸው ላይ ላስቲክ አሰርኩ።

ፀሐይ ፊቱን ጥቂት አኮማትራዋለች። አንገቱ ላይ ትንፋሽ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

«ስቱኮ ይሞላዋል» አልኩ።

አቶ ወልደየስ ጣቶቻቸውን አፍታቱ። ከዚያ ወደ ጥላዬ ዞሩ።

«አርጅተሃል» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ቁርስ በላህ?»

«አሁን ከሰዓት ነው አባባ።»

«እኔ ስወጣ ሁልጊዜ ሳትበላ ነበር መጋረጃው ሥር የምትቆመው።»

ጥላዬ የመኪና ቁልፉን አፈፍ አድርጎ ያዘ፤ መልሶ ለቀቀው።

ወደ እሱ በመዞራቸው እልፍነሽ ጀርባቸውን አየች። ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች።

«ሸሚዙ ከኋላ አልተተኮሰም» አለች።

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር» አለ ጥላዬ። «ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚተኩሰው። ይረፍድበታል።»

«ማታ ኮት ለብሶ ነው የሚገባው። ማንም አልነገረኝም።»

አቶ ወልደየስ ማዳመጫቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ዝም በሉ የሚል ምልክት ሰጡን። «ጎሬ ይሰማኛል» አሉ። «ከብቶቹን እያስነሱ ነው።»

«ብዙ ይቆያል?» አለች እልፍነሽ።

«ከብት ነው እልፌ። እንደ ፈቃዱ ነው።»

ያለውን ነገር ለሁለቱ ነገርኳቸው። ላስቲክ ስንጥቅ አይይዝም። ብፈታው ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይገባል፤ ፊቱም እስከ በጋው መጨረሻ ይናገራል። ባጣብቀው አይሰነጠቅም፤ ግን ይሄዳል።

«ማታ ማታ ማን ያናግረኛል?» አለች እልፍነሽ።

«እኔ ስልክ የለኝም እንዴ?»

«አታነሳማ!»

«ስነዳ ነው።»

«መቼ የማትነዳበት ጊዜ አለ? ሰበታ እንኳን እንዳንተ ሩቅ አይደለም።»

«ስቆም እደውላለሁ አልኩሽ።»

«አልክ?»

«አሁን አልኩ።»

«እኔ በተቀመጥኩበት በእኔ አትጨቃጨቁ» አሉ አቶ ወልደየስ። «መስመሩ ይረበሻል።»

እልፍነሽ እጇን ዘረጋችልኝ። የሙጫውን ብሩሽ ሰጠኋት። ጥላዬ አባቱን በሁለት ጣት አጥብቆ ያዘ። የፕላስቲክ ሙጫ ከውሃ የቀጠነ ነው፤ አንድ ቦታ ከነኩት መጋጠሚያውን ተከትሎ በራሱ ይሮጣል። እልፍነሽ ከጆሮው ሥር አንድ ጊዜ ብቻ ነካች። በአንገት፣ በትከሻ፣ በጎን ወርዶ በሌላው በኩል ሲመለስ ሦስታችንም አየነው።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ አቶ ወልደየስ። ድምፃቸው ሙሉ ነበር።

*

የቀረውን አብረን ገጠምን። ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። እንደ ምስማር ራስ ጎልተው የወጡት የሪቬቶቹ ነጥቦች አልሟሙም፤ መስኮቶቹ ጭረት የላቸውም። ግራው ጎን ከቀኙ ጋር ያለ ስቱኮ ተዘጋ። አቶ ወልደየስን ወንበራቸው ላይ ያስቀመጥነው ከመዝጋታችን በፊት ነው። እልፍነሽ በመስኮቱ ቀዳዳ የሆነ ነገር ሹክ አለቻቸው። ምን እንደሆነ አልሰማሁም።

«የጅራቱ ጎማ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለ ጥላዬ።

«ለመነሳት አያስፈልግም» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ለማረፍ ነው የሚያስፈልገው።»

ጥላዬ የጅራቱን ባዶ ቦታ በአውራ ጣቱ ነካ።

«እንዴት ነው ሥራው?» አለችኝ እልፍነሽ።

«በእጄ ካለፉት ሁሉ ጥሩው ነው» አልኩ። «ዋጋ የለውም።»

ከውስጥ ከብቶቹ ተነስተዋል ሲባል ወደ ምዕራብ የሚያየውን መስኮት ከፈትኩ። ሞተሮቹ ድምፅ አላሰሙም። ዳኮታው ጠረጴዛዬን እስከ ጠርዙ ተንደረደረ፤ ጥቂት ዝቅ አለ፤ ከዚያ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን አልፎ ወጣ።

ሲርቅ ማነስ ነበረበት። አላነሰም። መጀመሪያ አሞራ ያክል ነበር። መርካቶ ላይ ሲደርስ ሚኒባስ አከለ። ወጨጫ ተራራ ላይ ሲደርስ ሙሉ መጠኑን አገኘ፤ የሞተሩም ድምፅ ያኔ መጣና የመስኮቱን መስተዋት አንቀጠቀጠ። እዚያ ላይ አልቆመም። ከተራራው ባሻገር እየተለቀ ሄደ።

«እየራቀ ነው?» አለች እልፍነሽ።

«እየራቀ ነው» አለ ጥላዬ።

ፀሐይዋ ከክንፉ ጀርባ ገባች። የመንገድ መብራቶች ቦግ አሉ። ታች ያሉት ሰዎች ቀና ብለው ደመና መስሏቸው ጃንጥላ ዘረጉ። ሆዱ ላይ ያሉት ሪቬቶች ያለ መነጽር ይታዩኝ ነበር፤ እያንዳንዱ የቤት ጣሪያ ያክላል። አሁንም እየራቀ ነበር።