ለክርክሩ የሚያደርስ ቤንዚን

ነዳጅ ቀጂዋ በማደያው ውስጥ ከሁሉም ትበልጣለች፤ በዕድሜም፣ በሥልጣንም፣ በጩኸትም። ሾፌሮቹ «እትዬ ወረፋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ያለ ነገር አይደለም። ተራ በሚባል ነገር ላይ ቀልድ አታውቅም። ሹም ይምጣ፣ ሙሽራ ይምጣ፣ «ከኋላ!» ካለች ከኋላ ነው። ከአምቡላንስ በቀር ለማንም ፊት ሰጥታ አታውቅም።

ቤንዚን በጠፋባቸው በእነዚያ ሳምንታት ወረፋው ከማደያው ተነስቶ፣ መድኃኒት ቤቱን አልፎ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ ይሄድ ነበር። መጨረሻው የት እንደሆነ የሚያውቁት መጨረሻው ላይ የቆሙት ብቻ ናቸው። ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ከዋለ ደግሞ ደንብ ማውጣቱ አይቀርምና ወረፋውም የራሱን አወጣ። ሞተር አይነሳም። ያለችው ጠብታ እንዳትባክን ሁሉም መኪናውን አጥፍቶ ይቆማል፤ ሰልፉ ሲጠጋ የኋለኛው ወርዶ የፊተኛውን ይገፋል። ማን ማንን እንደሚገፋ አይመረጥም። አንዱ ምስኪን ከፈታት ሚስቱ ኋላ ደርሶት ግማሽ ቀን ሲገፋት ዋለ፤ እሷም መሪዋን ይዛ ዘና ብላ ዋለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በከተማው ማዶ ባለው ትልቅ አዳራሽ ክርክር ነበር። «ኢኮኖሚያችን ከነዳጅ ጥገኝነት መላቀቅ አለበት ወይስ የለበትም?» የሚለውን ማስታወቂያ የሚለጥፉት ሰዎች ግድግዳ የጠፋ ይመስል መጥተው ማደያው ላይ ለጥፈውታል። «አለበት» ከሚለው ቃል በታች የተከራካሪው ፎቶ አለ፤ ከረባት ያሰረ፣ መነጽር ያደረገ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። የእትዬ ወረፋ ታናሽ ወንድም ነው።

ሳምንቱን ሙሉ በፎቶው ፊት ስታልፍ አንገቷን ወደ ሌላ እያዞረች ነበር። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ደብተሩም፣ ጫማውም፣ ያ የሚኮራበት መነጽርም ከዚሁ ፓምፕ የወጡ ናቸው። ከዕለታት አንድ እሁድ ታዲያ ምሳዋን በልቶ፣ አፉን እየጠረገ፣ «ይሄ ማደያሽ እኮ ጥቂት ዓመት ነው የቀረው፤ ሙዚየም ይሆናል» አላት።

«በናፍጣ ተምረህ ናፍጣን ትሰድባለህ?» አለችው ቆሽቷ አርሮ። «እንግዲያው ሙዚየም ሲሆን ትኬት ቆርጠህ ና! እስከዚያ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ሰው ተናዶ የሚናገረውን እንዳለ የሚወስድ ሞኝ አለ? አለ፤ የእሷ ወንድም ነው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ደጇን አልረገጠም። እሷም ኩራት ይዟት አልጠራችውም፤ በየእሁዱ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ምሳ ሠርታ ሰኞን ጭምር ትበላዋለች። ከናፍቆቱ በላይ የሚያብሰለስላት ነገር ነበር። ልጅ ሳለ፣ እሷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከሥራ ስትገባ፣ ተነስቶ መስኮት ይከፍት ነበር። አንድም ቀን ሳያዛንፍ። እንግዲህ የጠላው ነዳጁን ነው ወይስ ነዳጅ ነዳጅ የምትሸተውን እህቱን? ይህን ነበር ማወቅ የፈለገችው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከጀርባዋ «እትዬ» የሚል ድምፅ ሰማች።

«ከኋላ!» አለች ሳትዞር። አፏ እንደለመደው ነው። ከዚያ ዞረች። ወንድሟ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ኮቱ ላይ የሰው መኪና አቧራ ተለጥፎበት ቆሟል።

«መድኃኒት ቤቱ ጋ ነው የደረስኩት» አላት። «ታክሲዎቹም ሁሉ እዚሁ ተሰልፈዋል። እባክሽ፣ አዳራሹ የምታደርሰኝን ያህል ብቻ።»

ግንባር ላይ የነበረው የዳቦ መኪና ሾፌር አንዴ ፖስተሩን፣ አንዴ መምህሩን አየ። «ቆይ ቆይ! ይሄ ግድግዳው ላይ ያለው ሰውዬ አይደል? ነዳጅ ይቅርብን ብሎ ሊከራከር ለነዳጅ ተሰለፈ!»

ሳቁ ከመኪና ወደ መኪና እየተቀባበለ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ሄደ። መምህሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። የእትዬ ወረፋ እጅ ወደ ፓምፑ ሄዶ ነበር። ግን ከፊቱ ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ እየጠበሰው ቆሟል፤ የእኔ ወንድም ብላ ብታስቀድመው ነገ በምን አፏ ሰው ትመልሳለች?

«ከኋላ» አለችው፣ በዝግታ።

እሱም ወደ መኪናው ተመለሰ። ለዳቦው መኪና መቅዳት ስትጀምር ፓምፑ ትን አለው፣ አየር ተነፈሰ፣ ቆመ። አለቀ ማለት ነው። ስልክ ደወለች፤ ቦቴው መንገድ ላይ ነው አሏት። መንገድ ላይ ማለት ከአንድ ሰዓት በኋላም፣ ማታም ሊሆን ይችላል። ለወረፋው ልትነግር እየጮኸች ስትወርድ መድኃኒት ቤቱ ጋ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ጠዋት ሙሉ የወንድሟን መኪና ሲገፋ የዋለው፣ ሸሚዙን ጠቅልሎ፣ ሆዱን በራሱ መኪና ኮፈን ላይ አሳርፎ የሚያለከልከው ሰው የነዳጅ አከፋፋዮች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። «የለበትም» ብሎ ሊከራከር የሚሄደው እሱ ራሱ!

«እርስዎም?» አለችው።

«እኔ የምሸጠው በወረቀት ነው እንጂ እህቴ፣ በጀሪካን አልይዝ» አላት።

የክርክሩ አወያይም ብዙ አልራቀችም። ከበስተኋላ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ጥያቄዎቿን የጻፈችበትን ወረቀት እንደ ማራገቢያ ትጠቀምበት ነበር። እትዬ ወረፋ ሦስቱንም አየች፤ ከዚያ ከመኪናው እየወረደ ጥላ የሚፈልገውን ሕዝብ አየች።

«ተከራካሪዎቹ እዚህ፣ አወያይዋ እዚህ፣ ሰዉም እዚህ» አለች። «ባዶ አዳራሽ ምን ልትሠሩበት ነው? ወደ ማደያው!»

የዳቦ ሳጥኖች ተደርድረው ወንበር ሆኑ። ተከራካሪዎቹ በሁለቱ ፓምፖች አጠገብ ቆሙ፤ አወያይዋ መሐል ገባች። እትዬ ወረፋ ሲጋራ የሚለኩስ እንዳይኖር አስጠንቅቃ ስታበቃ እጇን አጣምራ ከዳር ቆመች። ፊቷ ኮስተር ያለ ቢመስልም ዓይኗ ከወንድሟ አይነቀልም ነበር።

ጸሐፊው ጀመረ። ዳቦው የሚደርሰው በነዳጅ ነው፣ ትራክተሩ የሚያርሰው በነዳጅ ነው፣ ወላድ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በነዳጅ ነው። «ነገ ይቅር ብትሉ፣ ነገ ራታችሁን በምን ትበላላችሁ?» ሲል ተጨበጨበለት።

«ነገ ይቅር አላልኩም» አለ መምህሩ። «በአንድ እግር መቆም ይብቃን ነው ያልኩት። አውቶቡሱን በኤሌክትሪክ፣ የውኃ ፓምፑን በፀሐይ እያደረግን ቀስ በቀስ ሌላ እግር እናብቅል። በማናውቀው ባሕር ላይ አንድ መርከብ ሲዘገይ እዚህ ዳቦ መወደድ አለበት? እስቲ ዙሩና ወረፋውን እዩት! ለዛሬው ክርክር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላመጣም።»

«ኤሌክትሪኩስ ትናንት ጠፍቶ የለ?» ሲል አንድ ባለታክሲ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ፤ መምህሩም ሳቀ።

«እሱንም መሥራት አለብን» አለ። «ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም።»

አወያይዋ ጥያቄ ያለው ካለ ስትል የመጀመሪያው እጅ የእትዬ ወረፋ ነበር። ለዚህስ ተራ አልጠበቀችም።

«ለመምህሩ ነው» አለች፤ ድምጿ እንደ ወትሮው አልወጣ አላት። «ከሥራ ስገባ መስኮት የምትከፍተው ለምን ነበር? ይሄን ሁሉ ነገር ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ ልወቀው። ታፍርብኝ ነበር?»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ ሽታው ራሴን ያዞረኛል» አላት። «ልጅ ሆኜም፣ አሁንም። ቅድም አንቺ ጋ ስመጣ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።» አንድ ሁለቱ ሊስቁ ሲሉ ቀጠለ። «ነገሩን ያመጣሽው ግን አንቺ ነሽ። ልጅ ሳለሁ ቦቴ በቀረ ቁጥር ማደያው ይዘጋ ነበር፣ አንቺም ደመወዝ አታገኚም ነበር። በእነዚያ ቀናት ያለውን ለኔ አቅርበሽ 'እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ' ትዪኝ ነበር። ሥራ ቦታሽ እኮ ተዘግቶ ነበር፣ እትዬ። የኛ ራት ለምን በመርከብ እጅ ሆነ ብዬ የጠየቅኩት ያኔ ነው። እስከዛሬም የማስተምረው ይሄንኑ ነው።»

እትዬ ወረፋ ስትዋሽ እንደምትታወቅ በፍጹም አልጠረጠረችም ነበር። እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ ቤንዚኑ ዓይኗን ለበለባት፤ ይኼኔ ደግሞ የምሯን አለቀሰች፤ አልቅሳም ሳቀች።

«እሺ፣ ሙዚየም ሲሆን እኔ ምን እሆናለሁ?» አለች።

«አላውቅም» አለ። «ግን አንቺን ሜዳ ላይ የሚጥል ዕቅድ ከመጣ እኔም 'የለበትም' ከሚሉት ጋር ነኝ።»

«ና፣ ቦታ አለ!» አለ ጸሐፊው፣ ከቆመበት ፓምፕ አጠገብ ፈቀቅ ብሎ።

ማን እንዳሸነፈ ሳይታወቅ የቦቴው ጡሩምባ ተሰማ። ሕዝቡ ጭብጨባውን ጥሎ ወደየመኪናው ሮጠ፤ አወያይዋ የመዝጊያ ንግግሯን ለባዶ ሳጥኖች አደረገች። እትዬ ወረፋም ፓምፗን ይዛ «በተራ! በተራ!» እያለች መቅዳት ጀመረች፤ ድምጿ ተመልሷል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጸሐፊው የወንድሟን መኪና እየገፋ ፓምፑ ጋ አደረሰው። መምህሩ መስታወቱን ዝቅ አደረገ፤ አፍንጫውን ግን በመሐረብ ይዟል።

«ስንት ልቅዳ?» አለችው የፓምፑን አፍ ሰክታ፣ ለሁሉም እንደምትለው።

«እሁድ ቤትሽ የሚያደርሰኝን ያህል።»

የፓምፑን አፍ ከመኪናው አወጣችና መልሳ ሰቀለችው።

«ለሁለት ሰፈር መንገድ ቤንዚን አላባክንም» አለችው። «በእግርህ ና።»